የዘገየ ፍርድ
ስለ ወይዘሮ ኢንገቦርግ ራፖፖርት የረጅም ዘመን ስደት በኢዮቤልዩ በዓላችን የተደረገ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከወዴት እንደ መጣ ከእናንተ ብዙዎቹ ታውቃላችሁ። በኦሪት ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሲፈጸም በአምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። ያን ጊዜ መሬቱን በችግር የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ለአገልጋይነት ራሱን የሸጠውም ወደ ወገኑ ይገባል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የዝማሬና የደስታ ቀን እንደ ሆነ ሁሉ፥ የተወሰደው ነገር ለባለቤቱ የሚመለስበት የፍርድ ዓመትም ነው። የበዓሉ አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ ባዘዙኝ ጊዜ ይህን በልቤ አሰብሁ። ስለዚህ የድካማቸው ዋጋ በወጣትነታቸው ተወስዶባቸው፥ ከአንድ ኢዮቤልዩ እጅግ አልፎ በሰባ ሰባተኛው ዓመት ስለ ተመለሰላቸው ስለ አንዲት ሐኪም ልነግራችሁ መረጥሁ። የምጠራው ዓመት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

እኒህ ሴት የተወለዱት በዚህችው በአፍሪቃ ምድር ነው። ካሜሩን በዚያን ዘመን የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ በባሕሩ ዳር ክሪቢ በምትባል ከተማ በሴፕቴምበር 2 ቀን 1912 ዓመት ተወለዱ። አባታቸው ዚልም የሚባል ነጋዴ ነበር፤ እናታቸውም ፒያኖ መምታት የተማሩ ባለሙያ ነበሩ። ልጅቱ ገና ሕፃን ሳሉ ቤተ ሰቡ ወደ ሐምቡርግ ከተማ ተመለሰ፤ እድገታቸውም ትምህርታቸውም በዚያው ሆነ።

እናታቸው ከአይሁድ ወገን ነበሩ፤ እሳቸው ግን በፕሮቴስታንት ሃይማኖት አደጉ። በአይሁድ ሥርዓት ከአይሁዳዊት እናት የተወለደ ልጅ አይሁዳዊ ነው፤ በአስተዳደጋቸው ግን ክርስቲያን ነበሩ። በጀርመን አገር ሥልጣን የያዘው የናዚ መንግሥት ግን ይህን ሁሉ አልጠየቀም። ሰው ምን እንደሚያምን፥ ምን እንደ ሠራ፥ ለማን እንደ ጠቀመ አይመረምርም ነበር፤ የሚቈጥረው የአያቶቹን ዘር ብቻ ነበር። እኛ ቤተ ክርስቲያን የምንሰበሰብ ሰዎች ይህን ነገር ልብ ልንለው ይገባል፤ በዚያ ሕግ ፊት የሃይማኖት ስም የዘርን ቍጥር ሊያስቀር አልቻለምና።

አዶልፍ ሂትለር በጃኑዋሪ ወር 1933 ዓመት መራሔ መንግሥት ሆነ። በሦስተኛው ወር አይሁድን ከመንግሥት ሥራ የሚያስወጣ ሕግ ወጣ። በ1935 ዓመት በኑርንበርግ ከተማ የታወጀው ሕግ ደግሞ ሰውን በደም ከፋፈለ። በ1938 ዓመት በጁላይ ወር የወጣው ትእዛዝ፥ ከሴፕቴምበር 30 ቀን ጀምሮ የአይሁድ ሐኪሞች ፈቃድ ሁሉ እንዲሻር አዘዘ። ጥቂቶቹ አይሁድን ብቻ እንዲያክሙ ተተዉ፤ እነርሱም ሐኪም ተብለው እንዳይጠሩ ተከልክለው ዝቅ ያለ ሌላ ስም ተሰጣቸው። ስምን መንፈግ ከዚያ ክፉ ሥራ አንዱ ክፍል ነበር።

ወይዘሪት ኢንገቦርግ በዚህ ዘመን በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ይማሩ ነበር። በ1937 ዓመት የመንግሥቱን የሕክምና ፈተና አለፉ፤ በከተማውም የአይሁድ ሆስፒታል በረዳት ሐኪምነት አገለገሉ። በጀርመን አገር ሥርዓት የሕክምና ፈተና ማለፍና የዶክተርነት ማዕርግ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ማዕርጉን የሚሻ ሰው ደግሞ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፥ በጽሑፉም ላይ በሊቃውንት ፊት በቃል መፈተን አለበት። እሳቸውም ጽሑፋቸውን ያዘጋጁት ስለ ዲፍቴሪያ ነው፤ በአገራችን ዘጊ አነዳ የሚባለው የጕሮሮ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሕፃኑን ጕሮሮ በግራጫማ ሽፋን ሸፍኖ ትንፋሽ ይዘጋል፤ መርዙም በደም አልፎ ልብንና ጅማትን ያደክማል። ክትባት በየአገሩ ሳይስፋፋ በፊት ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ይህ ነበር።

ጽሑፉ በ1938 ዓመት ተፈጽሞ ቀረበ። ነገር ግን የፈተናቸው ወረቀት የአይሁድ ዘር እንዳለባቸው በሚያስታውቅ በቢጫ መስመር ምልክት ተደርጎበት ነበርና፥ ወደ ቃል ፈተናው እንዳይገቡ ተከለከሉ። አስተማሪያቸው የነበረው የሕፃናት ሐኪም ሩዶልፍ ዴግቪትስ አንድ ወረቀት ጽፎ ሰጣቸው። የወረቀቱም አሳብ፥ ሥራው የሚበቃ እንደ ሆነ፥ ተማሪዋ ከዘራቸው የተነሣ ለፈተና እንዳይቀርቡ ሕግ ባይከለክል ኖሮ እንደሚቀበለው የሚመሰክር ነበር። ይህ ሰው በመጀመሪያው ዘመን የናዚን ማኅበር የተቀላቀለ ነበር፤ በኋላ ግን አገዛዙን ስለ ነቀፈ በ1944 ዓመት ተፈርዶበት ታሰረ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ይህን ወረቀት ደግሞ ደግሞ አስቡት። ሥራው መልካም መሆኑን ይመሰክራል፤ ተከልክሎ እንደ ቀረም ይመሰክራል፤ ምክንያቱም ዘር ብቻ መሆኑን በግልጥ ይናገራል። በዚያ ቀን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተመታ ሰው የለም፤ ጩኸትም አልተሰማም። ጸሓፊው ጻፈ፥ ማኅተሙ ተመታ፥ በሩ ተዘጋ። ነገር ግን ሰውን በወረቀት መለየት የለመደ መንግሥት፥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ዓይነት ወረቀት ስድስት ሚሊዮን የሚያህሉ አይሁድን ለሞት ለይቷል። ትልቁ ግፍ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ትናንሽ ግፎች በሥርዓትና በጨዋ ቃል ተፈጽመው ነበር።

ወይዘሪት ኢንገቦርግ በዚያው በ1938 ዓመት ገንዘብ ሳይኖራቸው ብቻቸውን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በዚያም የጀርመን አገር ትምህርታቸው ብቻውን አልበቃ አላቸውና፥ በየሆስፒታሉ በተለማማጅነት እያገለገሉ ወደ አርባ ስምንት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ጻፉ። የተቀበላቸው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም በፊላደልፊያ ከተማ በ1850 ዓመት ሴቶችን ሕክምና ለማስተማር የተቋቋመው ኮሌጅ ነው። በ1940 ዓመት ከዚያ በሐኪምነት ተመረቁ። ለሴቶች በር በተዘጋበት ጊዜ ለእነርሱ የተከፈተው በር፥ ከዘጠና ዓመት በኋላ ለአንዲት ስደተኛ መግቢያ ሆነ።

ከዚያም በሲንሲናቲ ከተማ በሕፃናት ሆስፒታል ሲሠሩ፥ እንደ እሳቸው ከናዚ ፊት ሸሽቶ የመጣ ሳሙኤል ሚትያ ራፖፖርት የሚባል አይሁዳዊ ሊቅ አገኙና በ1946 ዓመት ተጋቡ። ይህ ሰው ለቈሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ደም ሳይበላሽ ሦስት ሳምንት እንዲቈይ የሚያደርገውን ዘዴ በማዘጋጀት የታወቀ ነው፤ ለዚህም አገልግሎቱ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከትሩማን የምስጋና ወረቀት ተቀብሏል። ልጆች ተወለዱላቸው፤ ቤትም ሠሩ። ስደቱ ያለቀ መሰለ።

ነገር ግን አላለቀም። ባልና ሚስቱ በከተማው የድኾችንና የጥቍሮችን መከራ አይተው ኮሙኒስቶች ሆነው ነበር። በዚያን ጊዜ ደግሞ በአሜሪካ ኮሙኒስት የተባለ ሁሉ ይመረመር፥ ከሥራውም ይባረር ጀመር። በ1950 ዓመት ባልየው ለሕክምና ጉባኤ ወደ ዙሪክ ከተማ በሄዱበት ጊዜ፥ ሲመለሱ በምርመራ ሸንጎ ፊት እንደሚጠሩ ወሬ ደረሳቸውና ሳይመለሱ ቀሩ። ወይዘሮ ኢንገቦርግም አራተኛውን ልጅ ፀንሰው ሳሉ ሦስቱን ሕፃናት ይዘው ቤታቸውን ለሁለተኛ ጊዜ ጥለው ሄዱ። ባልየው ወዳደጉባት ወደ ቪየና ከተማ ቢሄዱም በዚያ የሚቀጥራቸው አጡ። በመጨረሻ በ1952 ዓመት ወደ ምሥራቅ በርሊን ገቡ። እንዲህ ሆኖ ዕጣቸው፥ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ወዳባረረቻቸው ወደ ጀርመን አገር መለሳቸው።

እናንተ ካህናት ሕፃናትን በአርባና በሰማንያ ቀን ታጠምቃላችሁ፤ ያ ቀን ሳይደርስ ስንቱ ሕፃን እንደሚቀጠፍ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ሕፃን ከማሕፀን በወጣበት ሰዓት ሦስት ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል፤ በውኃ ተሞልቶ የነበረው ሳንባው አየር መሳብ አለበት፥ ሙቀቱን በራሱ መጠበቅ አለበት፥ በእትብት ይመጣለት የነበረውንም ምግብ በአፉ መቀበል አለበት። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ለእነዚህ ሁሉ ኃይል ያንሰዋል። የቀድሞ ሆስፒታሎች ሥርዓት ደግሞ ክፍተት ነበረበት፤ አዋላጁ ሐኪም እናቲቱን ይጠብቃል፥ የሕፃናት ሐኪም ሕፃኑ ከፍ ሲል ይቀበለዋል፤ በመካከሉ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ባለቤት አልነበራቸውም።

ወይዘሮ ኢንገቦርግ የሥራ ዘመናቸውን ለእነዚህ ቀናት ሰጡ። በበርሊን የሕፃናት ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ ለማስተማር የሚያበቃውንም ማዕርግ አገኙ። በ1969 ዓመት ሻሪቴ በሚባለው በታላቁ የበርሊን ሆስፒታል ስለ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ሕክምና የሚያስተምር የፕሮፌሰርነት ወንበር ተቋቋመና በእርሱ ተቀመጡ፤ እንዲህ ያለ ወንበር በጀርመን አገር የመጀመሪያው ነበር። የሕፃናትን ሞት በማሳነስ ሥራ ስለ ነበራቸው ድርሻም የአገሩን ብሔራዊ ሽልማት ተቀበሉ። በ1973 ዓመት ጡረታ ወጡ።

የተቀመጡበትን መንግሥት ነገር ሳልናገር ባልፍ እውነትን ማጕደል ይሆናል። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ሕዝቡን በግንብ ያጠረ፥ የተቃወሙትን ያሰረ፥ አብያተ ክርስቲያናትንም ያስጨነቀ ነበር። እሳቸው ግን መንግሥቱ በ1990 ዓመት ከጠፋ በኋላም ያመኑበትን አሳብ አልተዉም፤ ለድኻው በነፃ ይሰጥ የነበረውን ሕክምና እያነሡ ይሟገቱለት ነበር። በዚህ ነገር ከእኛ ብዙዎቻችን ከእሳቸው ጋራ አንስማማም። ነገር ግን በአንድ ነገር የማንስማማበትን ሰው በሌላው ነገር አስተማሪ አድርጎ መቀበል ነውር አይደለም፤ በመንገድ የወደቀውን ሰው ያነሣው ሳምራዊው እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን።

ባላቸው በ2004 ዓመት አረፉ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸው እየረዘመ ሄደ። መቶ ዓመት ካለፋቸው በኋላ የዚያ የ1938 ዓመት ታሪክ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ክፍል ዲን በፕሮፌሰር ኡቬ ኮኽ ግሮሙስ ጆሮ ደረሰ። ዲኑም ነገሩ እንዲስተካከል ፈለገ፤ ነገር ግን ሕግ አዋቂዎች በመንገዱ ላይ ብዙ እንቅፋት አዩበት። የቀለለው መንገድ ያለ ፈተና የክብር ማዕርግ መስጠት ነበር። እንዲህ ቢደረግ ማንም አይነቅፍም ነበር፤ የመቶ ሁለት ዓመት አሮጊት ትፈተን የሚል ማን ነው?

እሳቸው ግን ፈተናውን ወደዱ። የተወሰደባቸው የክብር ስጦታ አልነበረም፤ የተወሰደባቸው የመፈተን መብት ነበር። ስለዚህ የሚመለሰውም እርሱ ሊሆን ይገባ ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ማንበብ ስለ ተሳናቸው፥ ወዳጆቻቸው ከ1938 ዓመት ወዲህ ስለ ዲፍቴሪያ የተገኘውን አዲስ እውቀት በኢንተርኔት እየፈለጉ በስልክ ይነግሯቸው ነበር፤ እሳቸውም እየሰሙ በልባቸው አጠኑ። በሜይ 13 ቀን 2015 ዓመት ሦስት ፕሮፌሰሮች ከሐምቡርግ ወደ በርሊን መጥተው በቤታቸው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ተቀመጡና ለአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ፈተኗቸው። ፈተናውንም አለፉ። ያገኙትም በላቲን ቋንቋ ማግና ኩም ላውዴ፥ በታላቅ ምስጋና ማለት፥ የሚባለውን ውጤት ነው። በጁን 9 ቀን በዚያው ዓመት በሐምቡርግ በጉባኤ ፊት የማዕርጉ ወረቀት ተሰጣቸው። በዚህ ዕድሜ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለ ሰው ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ተነገረ።

ይህን ሁሉ ድካም ለምን እንደ ደከሙ ሲጠየቁ፥ ለራሳቸው እንዳላደረጉት መለሱ፤ ለጥቅማቸውማ ቢሆን ማዕርጉ ከዚያ በኋላ ምን ይረባቸዋል? ያደረጉት በዚያ ዘመን እንደ እሳቸው ለተገፉት፥ ከእሳቸውም ይልቅ የከፋ ለደረሰባቸው መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በማርች 23 ቀን 2017 ዓመት በበርሊን በመቶ አራት ዓመታቸው አረፉ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን?

አንደኛ፥ ወይዘሮ ኢንገቦርግ ፍርድ እስኪመጣ ድረስ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ማዕርጉን በተነፈጉበትና በተቀበሉት መካከል ሰባ ሰባት ዓመት አለ፤ በዚያም መካከል በሁለት ቋንቋ ሐኪም ሆኑ፥ አራት ልጆች አሳደጉ፥ ለስንኵል ትንፋሽ ሕፃናት ክፍል አቋቋሙ። የበደላቸው አገር የዘጋውን በር እያዩ ዕድሜያቸውን ቢፈጁ ኖሮ፥ በደለኛው ከማዕርጉ ጋራ ሕይወታቸውንም በወሰደ ነበር።

ሁለተኛ፥ ሥራ ስለ ሠሩና ስለ ከበሩ በደሉን በደል አይደለም አላሉም። በእኛ ዘንድ የተበደለ ሰው ደህና ኑሮ ሲያገኝ፥ ያለፈውን ተወው፥ እግዜር ክሶሃል ይባላል። ካሣ ከእግዚአብሔር መምጣቱ ግን የሰውን ዕዳ አይሰርዝም። የወሰደው ሰው ወይም የወሰደው ቤት ሊመልስ ይገባዋል። ደግሞም ይቅርታና መመለስ የሚጣሉ አይደሉም፤ ወይዘሮ ኢንገቦርግ ፈታኞቻቸውን በቤታቸው እንደ እንግዳ ተቀበሉ፥ ጥያቄያቸውንም በትዕግሥት መለሱ፤ መብታቸውን ግን በምጽዋት ስም አልተቀበሉም።

ሦስተኛው ትምህርት የእኛ የማኅበረ ምእመናን ነው። በዚህ ታሪክ የዘገየው ፍርድ የመጣው፥ በደሉን ያልሠራ፥ በዚያን ዘመንም ያልነበረ አንድ የቢሮ ሹም የቤቱን አሮጌ ዕዳ የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቀበለ ነው። እንደማይመለከተው ተናግሮ ማለፍ ይችል ነበር። እኛም ከአባቶቻችን የተቀበልነው ደብርና ማኅበር ጥሩውን ብቻ አላወረሰንም። በየመዝገባችን፥ በየቃለ ጉባኤያችን ተገፍቶ የወጣ ሰው፥ ድርሻውን የተነፈገ አገልጋይ፥ በትውልዱ ወይም በእጁ ሥራ የተናቀ ቤተ ሰብ ተጽፎ ይገኝ ይሆናል። ከእነርሱም አንዳንዱ ዛሬ በሕይወት አለ፤ በዕድሜ ገፍቷል፥ ዓይኑ ደክሟል፥ ጥያቄውን ግን አልረሳም። ሁሉ ሰው መቶ ሁለት ዓመት አይኖርም። ከሐምቡርግ ብዙዎች ተባረዋል፤ ወረቀታቸው የተመለሰላቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ሳያዩት ሞተዋል።

ስለዚህ አባቶቼና ወንድሞቼ፥ እኅቶቼም፥ በዚህ በበዓላችን ዓመት ከበሮውና ጸናጽሉ ሲሰማ፥ የኦሪቱ ቀንደ መለከት ለምን ይነፋ እንደ ነበረ እናስብ። ልንመልሰው የሚገባን ነገር ካለ፥ ባለቤቱ ቆሞ ሊቀበለው በሚችልበት ቀን እንመልስ። የዘገየ ፍርድ ከቀረ ፍርድ ይሻላል፤ ነገር ግን ሰባ ሰባት ዓመት የሚጠብቅ ሰው በየትውልዱ አይገኝም።

እግዚአብሔር አምላክ ደብራችንን ያጽናልን፤ በዓሉን የመመለስና የዕርቅ በዓል ያድርግልን፤ አሜን።